የቫስኮ ደ ጋማ የመጀመሪያ የሕንድ ጉዞ

የቫስኮ ደ ጋማ የመጀመሪያ የሕንድ ጉዞ ከፖርቱጋል ዋና ከተማ ከሊዝቦን ተነሥቶ፣ አፍሪካን በደቡብ በኩል ዞሮ፣ በሕንድ ምዕራባዊ ዳርቻ እስከምትገኘው የካሊከት ከተማ የደረሰ የባሕር ጉዞ ነው። ከ1497 እስከ 1499 እ.ኤ.አ. የቆየ ሲሆን፣ ከክሪስቶፎር ኮሎምበስ የ1492 ጉዞ ጋር «የአሰሳ ዘመን» ወይም «የታላላቅ ግኝቶች ዘመን» በሚባለው የታሪክ ምዕራፍ ውስጥ ዋናውን ቦታ ይይዛል።

በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ጉዞው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ቫስኮ ደ ጋማ ወደ ሕንድ የሚወስደውን የባሕር መንገድ አገኘ። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የሄደበት መንገድ በእርግጥ አዲስ ነበር። ከምሥራቅ አፍሪካ እስከ ሕንድ ያለው ግን መርከበኞች ከሺህ ዓመት በላይ የተመላለሱበት ነው፤ ደ ጋማም የተሻገረው ባሕሩን በሚያውቅ ሰው እየተመራ ነው። ሁለቱን ክፍሎች ለይቶ ማየት የዘመኑን ታሪክ ለመረዳት ይጠቅማል።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ በጊዜው አውሮፓ ይሠራበት በነበረው የዩልዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። ለምሳሌ መርከቦቹ ካሊከት አጠገብ መልሕቅ የጣሉበት ሜይ 20 ቀን 1498፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 25 ቀን 1490 ዓ.ም. ነው።

የጉዞው መነሻ

ቁንዶ በርበሬ የሚበቅለው በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ በማላባር ዳርቻ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ከዚያ ተነሥቶ በጉጃራት፣ በአረብና በሌሎች ነጋዴዎች መርከብ ወደ ቀይ ባሕር ወይም ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ይደርስ ነበር። ከዚያም በግመልና በጀልባ ወደ እስክንድርያ ወይም ወደ ቤሩት ይሄዳል፤ በመጨረሻም የቬኒስ ነጋዴዎች ገዝተው ለአውሮፓ ያከፋፍሉታል። በየመሸጋገሪያው ቀረጥና ትርፍ ስለሚጨመርበት፣ አውሮፓ ሲደርስ ዋጋው ከተነሣበት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ከዚህ ንግድ ውጭ የነበረችው ፖርቱጋል ምንጩ ዘንድ በቀጥታ ብትደርስ ምን ያህል እንደምትጠቀም መገመት አያዳግትም።

ሆኖም ፖርቱጋሎች ባሕር ላይ የወጡት መጀመሪያ ሕንድን ብለው አይደለም። በ1415 በሰሜን አፍሪካ የምትገኘውን ሴውታን ያዙ። ቀጥሎም በልዑል ኤንሪኬ (1394–1460) ድጋፍ በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ወደ ደቡብ መውረድ ጀመሩ፤ የሚፈልጉት የጊኒን ወርቅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሰውም መነገጃ ሆነ። በ1444 በደቡብ ፖርቱጋል በላጎስ ወደብ 235 አፍሪካውያን ምርኮኞች ወርደው ተከፋፈሉ። ድርጊቱን የመዘገበው የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ዙራራ፣ ልዑሉን የሚያወድስ ሰው ቢሆንም፣ እናቶች ከልጆቻቸው ሲለያዩ የነበረውን ለቅሶ ሳይጽፍ አላለፈም። «የአሰሳ ዘመን» እና የአትላንቲክ የባሪያ ንግድ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ በተለያየ ምዕራፍ ይሰጣሉ፤ የተጀመሩት ግን በአንድ ዳርቻ፣ በአንድ ዓይነት መርከቦች ነው።

የዚያ ዳርቻ ዋና ችግር ነፋሱ ነበር። ከሞሮኮ በስተ ደቡብ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። ለሚወርድ ይመቻል፤ ለሚመለስ ግን ፊት ለፊት የሚገፋ ነው። መርከበኞቹ ቀስ በቀስ የደረሱበት መፍትሔ ከዳርቻው መሸሽ ሆነ። መርከቧ ወደ አገሯ ትመለስ ዘንድ መጀመሪያ ከአገሯ የምትርቅ መስላ ወደ ውቅያኖሱ መሀል ትገባለች፤ በአዞሬስ ደሴቶች አካባቢ ከምዕራብ የሚነፍሰውን ነፋስ ስታገኝ በዚያ ተገፍታ ፖርቱጋል ትደርሳለች። ይህን ዘዴ በቋንቋቸው «ቮልታ ዶ ማር» ይሉታል፤ የባሕር መመለሻ ማለት ነው። የደ ጋማን ጉዞ ያስቻለው ከሁሉ በላይ ይህ እውቀት ነው።

በ1488 ባርቶሎሜው ዲያስ በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ዞሮ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ገባ፤ ባልደረቦቹ አንሄድም ስላሉት ግን ከዚያ ተመለሰ።

ፕሬስተር ጆን እና ፔሮ ደ ኮቪልያ

ከቁንዶ በርበሬውና ከወርቁ ጋር አንድ ሌላ ፍለጋ ነበረ። በ12ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ መዞር የጀመረ አንድ የፈጠራ ደብዳቤ፣ ከእስልምና አገሮች ባሻገር ፕሬስተር ጆን (ቄሱ ዮሐንስ) የሚባል ኃያል ክርስቲያን ንጉሥ እንዳለ ይናገር ነበር። መጀመሪያ በእስያ ይፈለግ የነበረው ይህ ንጉሥ ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው ተብሎ ታመነ። ኢትዮጵያውያንም ለአውሮፓ እንግዳ አልነበሩም፤ በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ቬኒስ ደርሰዋል፣ በ1441 ደግሞ ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በፍሎረንስ ጉባኤ ተገኝተዋል። አፍሪካን በመርከብ የዞረ አውሮፓዊ ከመኖሩ በፊት መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1487 የፖርቱጋል ንጉሥ ጁዋን 2ኛ፣ ፔሮ ደ ኮቪልያ እና አፎንሶ ደ ፓይቫ የተባሉ ሁለት ሰዎችን ነጋዴ መስለው በምድርና በቀይ ባሕር በኩል እንዲሄዱ ላከ። አንዱ የቅመማ ቅመሙን አገር፣ ሌላው የፕሬስተር ጆንን አገር እንዲመረምር ነበር። ፓይቫ በመንገድ ሞተ። ኮቪልያ ካሊከትን ጨምሮ የሕንድን ወደቦች አይቶ ወደ ካይሮ ከተመለሰ በኋላ የጓደኛውንም ተልእኮ ለመፈጸም ወደ ኢትዮጵያ አቀና፤ በዐፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት መጨረሻም ደረሰ። በክብር ተቀበሉት፤ ርስት ተሰጠው፤ ሚስትም አገባ። እንዲወጣ ግን አልተፈቀደለትም። በ1520 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን እዚያው አገኘው፤ ታሪኩም የታወቀው የቡድኑ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጻፈው መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ካሊከትን ያየ ፖርቱጋላዊ ከደ ጋማ በፊት ነበረ፤ እሱም የተጓዘው በነባሩ የንግድ መንገድ፣ እንደማንኛውም መንገደኛ ነው።

በአትላንቲክ ላይ

ንጉሥ ማኑኤል 1ኛ ያዘጋጀው ቡድን ጁላይ 8 ቀን 1497 ከሊዝቦን ተነሣ። አራት መርከቦች ነበሩት፦ ደ ጋማ ያለበት ሳዎ ጋብሪኤል (ቅዱስ ገብርኤል)፣ ወንድሙ ፓውሎ የሚያዝዘው ሳዎ ራፋኤል (ቅዱስ ሩፋኤል)፣ ኒኮላው ኮኤልዮ የሚመራው ቤሪዮ፣ እና አንድ የስንቅ መርከብ። የተጓዦቹ ቁጥር እስከ 170 ይገመታል።

ኦገስት 3 ከኬፕ ቬርዴ ደሴቶች ሲነሡ የአፍሪካን ዳርቻ አልተከተሉም። «ቮልታ ዶ ማር» በሰሜን የሠራ ከሆነ በደቡብም ይሠራል በሚል ሐሳብ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ክፍት ውቅያኖስ ገቡ፤ ከዚያ ከምዕራብ በሚነፍሰው የደቡብ ነፋስ ተመልሰው ወደ አፍሪካ ታጠፉ። እንደገና ምድር ያዩት ኖቬምበር 4 ነው። ኮሎምበስ ከካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ ምድር እስኪያይ 36 ቀን ፈጅቶበታል፤ እነዚህ ግን ምድር ሳያዩ ሦስት ወር ቆዩ። ከጉዞው ሁሉ በባሕረኝነት ትልቁ ሥራ ይኸው ሆኖ ሳለ፣ በትረካ ውስጥ ግን ምንም ነገር ስላልተከሠተበት ብዙውን ጊዜ ይዘለላል።

ኖቬምበር 22 የመልካም ተስፋን ርእሰ ምድር አለፉ። የስንቁን መርከብ ዕቃውን ለሦስቱ አከፋፍለው አፈረሱት። በገና ሰሞን ያለፉበትን ዳርቻ «ናታል» (ልደት) አሉት። በጃንዋሪ 1498 በዛሬዋ ሞዛምቢክ በአንድ ወንዝ አፍ አንድ ወር ያህል ሲያርፉ፣ ብዙዎቹ እጅና እግራቸው አበጠ፤ ድዳቸውም ጥርሳቸውን እስኪሸፍን ተነፋ። ይህ ስከርቪ የሚባለው በሽታ ነው። የሚመጣው በቫይታሚን ሲ እጥረት ሲሆን፣ ለወራት ደረቅ ብስኩትና በጨው የታሸ ሥጋ ብቻ የሚበላ ሰው አያመልጠውም።

ወደ ነባሩ ዓለም መግባት

ማርች 2 ቀን 1498 ሞዛምቢክ ደሴት ሲደርሱ መልክዓ ምድሩ ሳይሆን ሰዉ ተለወጠ። ወደቡ ላይ ወርቅ፣ ብር፣ ቅርንፉድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ዝንጅብልና ዕንቁ የጫኑ የአረብ ነጋዴዎች መርከቦች ቆመው ነበር። ጣውላቸው በምስማር ሳይሆን በኮኮናት ቃጫ ገመድ የተሰፋ ነው። መርከበኞቻቸው ኮምፓስ፣ የከዋክብት መለኪያና የባሕር ካርታ እንደነበራቸው ከደ ጋማ ጋር የተጓዘው የማስታወሻ ጸሐፊ ራሱ መዝግቧል። ፕሬስተር ጆን ከዚያ ሩቅ እንዳልሆነ፣ አገሩም በግመል ወደ ውስጥ የሚኬድበት እንደሆነ ሲነገራቸው ከደስታ የተነሣ አለቀሱ።

የገቡበት ዓለም ረጅም ዕድሜ ነበረው። በ1ኛው መቶ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ የተባለ የነጋዴዎች መመሪያ ከአዱሊስ ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካንና የሕንድን ወደቦች በተራ ይዘረዝራል። በኋለኛው ዘመን ኪልዋ፣ ሞምባሳ፣ ማሊንዲና ሞቃዲሾ በንግድ የበለጸጉ ከተሞች ነበሩ፤ በሶፋላ በኩል የሚወጣው ወርቅ ከዚምባብዌ ደጋ ይመጣል። በ1405 እና በ1433 መካከል ሰባት ጊዜ የዘመተው የቻይናው አድሚራል ዠንግ ኸ መርከቦችም ምሥራቅ አፍሪካ ደርሰዋል፤ በ1415 ማሊንዲ ለቻይና ንጉሠ ነገሥት ቀጭኔ ልካለች።

ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ሞንሱን የሚባለው ወቅቱን ጠብቆ አቅጣጫ የሚለውጥ ነፋስ ነው። በአውሮፓ በጋ የእስያ ምድር ሲግል በላዩ ያለው አየር ይነሣል፤ ከውቅያኖሱ የሚመጣው ነፋስም ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሕንድ ይነፍሳል። በክረምት ምድሩ ሲቀዘቅዝ አቅጣጫው ተገልብጦ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ አፍሪካ ይሆናል። ነጋዴው በአንዱ ሄዶ በሌላው ይመለሳል። ቀን መቁጠር የማያውቅ መርከበኛ በዚህ ባሕር ላይ ዋጋ የለውም። በባሕሩ መሀል ያለበትን ቦታ ለማወቅ ደግሞ «ካማል» የሚባል ቀላል መሣሪያ ነበር፤ ቋጠሮ ያለው ክር የታሰረበት ትንሽ ጣውላ። መርከበኛው ክሩን በጥርሱ ነክሶ ጣውላውን ወደ ፊቱ ይዘረጋል፤ የታችኛውን ጠርዝ ከአድማስ፣ የላይኛውን ከሰሜን ኮከብ ጋር ያስተካክላል። ስንተኛው ቋጠሮ ላይ እንደተስተካከለ ሲያይ ምን ያህል ወደ ሰሜን እንዳለ ያውቃል፤ ምክንያቱም ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር ኮከቡ ከፍ ይላል። እያንዳንዱ ታዋቂ ወደብም የራሱ ልክ ነበረው።

መንገድ መሪው

በሞዛምቢክና በሞምባሳ ደ ጋማ ከአካባቢው ሰዎች ጋር ተጣልቶ ነው የወጣው። ኤፕሪል 14 ማሊንዲ ሲደርስ ግን የከተማዋ ገዢ በደስታ ተቀበለው፤ ማሊንዲ የሞምባሳ ተቀናቃኝ ስለነበረች መድፍ የጫነ እንግዳ ወዳጅ ቢሆናት አትጠላም። ከድርድር በኋላ ገዢው መንገድ መሪ ሰጠው። ኤፕሪል 24 ተነሥተው በ23 ቀን ባሕሩን ተሻገሩና የሕንድን ተራሮች አዩ።

ይህ ሰው ማን ነበር? ለረጅም ጊዜ በብዙ መጻሕፍት የተጻፈው አሕመድ ኢብን ማጂድ ነው የሚል ነው። ኢብን ማጂድ የዘመኑ ታላቅ አረብ መርከበኛ ሲሆን ስለ ባሕር ጉዞ ብዙ ግጥሞችና መጻሕፍት ጽፏል። ግምቱ የተነሣው በ16ኛው መቶ ዘመን የነበረ አን-ናህራዋሊ የተባለ የመካ ታሪክ ጸሐፊ ኢብን ማጂድ ሰክሮ መንገዱን ለፖርቱጋሎች አሳየ ብሎ በመጻፉ ነው፤ በ20ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው ሊቅ ጋብሪኤል ፌራን ሲያስተጋባው ተስፋፋ። የፖርቱጋል ምንጮች ግን ይህን አይደግፉም። ባሮስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ሰውየውን የጉጃራት እስላም ይለዋል፤ የጉዞው ማስታወሻ ደግሞ ክርስቲያን ነው ይላል (ተጓዦቹ ሂንዱዎችን ክርስቲያኖች ይመስሏቸው ስለነበር ይህ ብዙ አያስኬድም)። ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ኢብን ማጂድ አይደለም በሚለው ይስማማሉ። ታዋቂ ስም መለጠፉ ታሪኩን ያሳምረው ይሆናል፤ ነገር ግን እውነተኛውን ሁኔታ ይሸፍናል። ያን ባሕር ለማሻገር ዝነኛ ሊቅ አያስፈልግም ነበር፤ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች በየወደቡ ነበሩ።

በካሊከት

ሜይ 20 መልሕቅ ከጣሉ በኋላ ወደ ምድር የተላከው የመጀመሪያ ሰው ያገኘው ሁለት የቱኒስ ሰዎችን ነው። በስፓኒሽና በጄኖቫ ቋንቋ አናገሩት፤ ምን አመጣችሁ ብለውም ጠየቁት። መልሱ ክርስቲያኖችንና ቅመማ ቅመም ፍለጋ የሚል ነበር። የዓለምን ጫፍ ያገኙ የመሰላቸው መንገደኞች በመጀመሪያው ቀን ሜዲትራኒያንን ከሚያውቅ ጎረቤት ጋር ተገናኙ።

ተጓዦቹ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ገብተው ቤተ ክርስቲያን መስሏቸው ጸለዩ። ቀጥሎ ለካሊከት ንጉሥ (ማዕረጉ ዛሞሪን ነው) የሚሰጠው ስጦታ ተዘጋጀ፦ 12 ጥብጣብ ያለው ጨርቅ፣ አራት ቀይ የራስ ልብስ፣ ስድስት ባርኔጣ፣ አራት ዘለላ ዛጎል፣ ስድስት የእጅ መታጠቢያ ሳህን፣ አንድ ሳጥን ስኳር፣ ሁለት በርሜል ዘይትና ሁለት በርሜል ማር። የንጉሡ ሹማምንት ሲያዩት ሳቁ። ከመካ የሚመጣ ድሀ ነጋዴ እንኳ ከዚህ የተሻለ ያመጣል፣ ለንጉሥ የሚሰጠው ወርቅ ነው አሉት። ፖርቱጋሎች የያዙት ዕቃ በምዕራብ አፍሪካ የለመዱት ዓይነት ስለነበር በዚህ ገበያ ብዙም አልተፈለገም። ጥቂት ቅመም ገዝተው፣ የተወሰኑ ሰዎችን በግድ ይዘው ኦገስት 29 ወጡ።

መመለሻው

ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። ነፋሱ ገና አልተለወጠም ነበር። የአካባቢው መርከበኛ ቢሆን እስከ ኖቬምበር ወይም ዲሴምበር ይጠብቃል። ደ ጋማ ግን ወደብ ውስጥ ጠላት ስላፈራ መቆየት አልቻለም። ኦክቶበር 5 ከሕንድ ዳርቻ ደሴቶች ተነሥቶ ባሕሩን ለመሻገር ሦስት ወር ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው የአፍሪካን ምድር ያየው። በመሄጃ 23 ቀን የፈጀው መንገድ በመመለሻ አራት እጥፍ ሆነ። በዚህ መሻገሪያ ብቻ 30 ሰዎች በስከርቪ ሞቱ፤ በየመርከቡ ሥራ የሚችሉት ሰባት ወይም ስምንት ብቻ ነበሩ። ማሊንዲ ካረፉ በኋላ ለሦስት መርከብ የሚበቃ ሰው ስላልተረፈ ሳዎ ራፋኤልን አቃጠሉት።

ቤሪዮ ጁላይ 10 ቀን 1499 ሊዝቦን ገባች። ደ ጋማ የታመመ ወንድሙን ሲያስታምም ዘገየ፤ ፓውሎ በአዞሬስ ሞቶ ተቀበረ። ከሄዱት ውስጥ የተመለሱት ወደ 55 ይገመታሉ።

ከዚያ በኋላ

አዲሱ ነገር የመጣው ከዚህ ጉዞ ቀጥሎ ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ወንበዴም ጦርነትም ነበረ፤ መላውን ባሕር የእኔ ነው ብሎ ለመርከብ ሁሉ የይለፍ ወረቀት የሚያስከፍል መንግሥት ግን አልነበረም። ፖርቱጋሎች «ካርታዝ» በተባለው ወረቀት ይህንን ጀመሩ፤ የሌለው መርከብ ይወረሳል ወይም ይሰምጣል። በ1502 ደ ጋማ በሁለተኛ ጉዞው ከመካ የሚመለሱ መንገደኞችን የያዘች ሚሪ የምትባል መርከብ ዘርፎ ሴቶችና ሕፃናት ባሉበት አቃጠላት። በ1505 ኪልዋና ሞምባሳ ተመዘበሩ። በ1510 ጎአ፣ በ1511 ማላካ ተያዙ። ያም ሆኖ ቁጥጥሩ ሙሉ አልነበረም፤ በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በቀይ ባሕር በኩል የሚያልፈው ቁንዶ በርበሬ እንደገና በርክቶ ነበር።

የኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪ ይህን ሰንሰለት በሌላ ጫፉ ያውቀዋል። በ1541 ከምጽዋ ተነሥተው በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ) ላይ የዘመቱት 400 ፖርቱጋሎች የመጡት ከሊዝቦን በቀጥታ ሳይሆን ከጎአ በወጣ የጦር መርከብ ጓድ ነው። አዛዣቸው ክሪስቶቮ ደ ጋማ የቫስኮ ልጅ ነበር፤ በ1542 ተማርኮ ተገደለ። አባቱ ቫስኮ በ1524 በኮቺን፣ ሕንድ ሞቷል።

በታሪክ ትምህርት

«አገኘ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ትርጉም አለው፦ የጠፋ ወይም ያልታወቀ ነገር ማግኘት፣ እና ሰውን በመንገድ ማግኘት፣ ማለትም መገናኘት። የመማሪያ መጽሐፉ ዓረፍተ ነገር የሚጻፈው በመጀመሪያው ትርጉም ነው፤ ከማሊንዲ በኋላ ያለውን የጉዞውን ክፍል የሚገልጸው ግን ሁለተኛው ነው። በ1992 የኮሎምበስ 500ኛ ዓመት ሲቃረብ በአሜሪካ አህጉራት «ግኝት» ወይስ «መገናኘት» ወይስ «ወረራ» የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። የሕንድ ውቅያኖስ ጉዳይ ከዚያ ይለያል፤ እዚህ ሁለቱም ወገን ስለ ሌላው ቀድሞ ሰምቷል።

ከቃሉ በላይ ተማሪን የሚያሳስተው ካርታው ነው። በተለመደው ካርታ ላይ ባሕሩ ባዶ ሰማያዊ ሆኖ ከሊዝቦን የሚወጣ አንድ ቀስት ብቻ ይታያል። በዚያው ካርታ ላይ የሞንሱን መንገዶችን፣ የኪልዋን ወርቅና የካሊከትን ቁንዶ በርበሬ መስመሮች መጨመር አንድ የክፍል ሰዓት አይፈጅም፤ ሲጨመሩም የደ ጋማ ቀስት ከማሊንዲ በኋላ ከነባሮቹ መስመሮች በአንዱ ላይ ሲያርፍ ይታያል። ሕንዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ኬ. ኤም. ፓኒካር በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ ከ1498 እስከ 1945 ያለውን ጊዜ «የቫስኮ ደ ጋማ ዘመን» ብሎ ሰይሞታል፤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን የአውሮፓ የበላይነት በእስያ ምድር ላይ የጸናው ከ18ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ነው በማለት ስያሜውን ይተቻሉ።

በ1998 የጉዞው 500ኛ ዓመት ሲደርስ ሊዝቦን ውስጥ በስሙ የተሰየመ ትልቅ ድልድይ ተመርቋል፣ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽንም ተካሂዷል። በሕንድ ግን ቀኑ በበዓል መልክ መታሰቡን የተቃወሙ ብዙዎች ነበሩ። በማሊንዲ ፖርቱጋሎች የተከሉት የድንጋይ ምሰሶ አሁንም በባሕሩ ዳር ቆሞ ይጎበኛል።